«ደም ማነስ» እና «ደም ብዛት»፦ ደማችን ከምን ተሠራ? ሥራውስ ምንድን ነው?

በቋንቋችን ደም የማይገባበት ቦታ የለም። የመልክ ማማር «ደም ግባት» ይባላል፤ የሥራ ዋጋ «ደመወዝ» ነው፤ ሰው ሳያስበው የሚሠራውን ሥራ «በደመ ነፍስ ሠራው» እንላለን። ከሕመሞችም መካከል ሁለቱን በደም ስም ጠርተናቸዋል፤ አንዱ «ደም ማነስ»፣ ሌላው «ደም ብዛት» ነው። ስማቸውን ብቻ ለሰማ ሰው ሁለቱ ተቃራኒዎች ይመስላሉ፤ አንደኛው ሕመምተኛ ደሙ የጎደለበት፣ ሌላው ደሙ የተትረፈረፈበት ሆኖ ይታየዋል።

ይህ አስተሳሰብ ግን ጉዳት ያመጣል። «ደም ብዛት አለብሽ» የተባለች ነፍሰ ጡር «ታዲያ ደም የሚጨምረውን ክኒን እንዴት እውጣለሁ?» ብላ ከክሊኒክ የተሰጣትን መድኃኒት ታስቀምጠዋለች። ሌላው ደሙ እንዲቀንስለት በምላጭ ይበጣል። «ደም አንሶሃል» የተባለው ደግሞ ቀለሙ ቀይ የሆነ መጠጥ ፍለጋ ይዞራል። ስለዚህ በዚህ እትም የሰው ደም ከምን ከምን እንደተሠራ፣ እያንዳንዱም ክፍል ምን እንደሚሠራ ካየን በኋላ፣ ሁለቱ ሕመሞች በእርግጥ ምን እንደሆኑ እናስረዳለን።

ስንት ደም አለን?

አንድ ጎልማሳ ሰው 5 ሊትር ያህል ደም አለው። ይህም ከሰውነቱ ክብደት ከመቶ 7 እስከ 8 እጅ ይሆናል። ልብ በዕረፍት ጊዜ በየደቂቃው 5 ሊትር ያህል ስለምትረጭ፣ ደማችን በአንድ ደቂቃ ገደማ መላ ሰውነታችንን ዞሮ ይመለሳል። ከልብ ሲወጣ በደም ወሳጅ ቧንቧዎች ይሄዳል፤ ከፀጉር በቀጠኑ ቧንቧዎች አልፎ ለእያንዳንዱ የሰውነት ክፍል ቀለቡን ያድላል፤ በደም መላሽ ቧንቧዎችም ወደ ልብ ይመለሳል።

ደም ከልብ ወደ ሳንባ ሄዶ ወደ ልብ እንደሚመለስ በ13ኛው መቶ ዘመን በካይሮ ይሠራ የነበረው ሐኪም ኢብን አል-ነፊስ ጽፎ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቪ ደግሞ በ1628 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ደም በመላ ሰውነት ያለማቋረጥ እንደሚዘዋወር አስረዳ።

ደም ለዓይን አንድ ወጥ የሆነ ቀይ ፈሳሽ ይመስላል። ነገር ግን እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ተጨምሮበት በብርጭቆ ቱቦ ቢቀመጥ፣ እንደ ጠላ ይጠላል። ከባዱ ክፍል ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ከላይ ቢጫ መልክ ያለው ውሃ ይቀራል። ከመቶው 55 እጅ ያህሉ ይህ ቢጫ ውሃ ሲሆን ስሙም ፕላዝማ ነው። ቀሪው 45 እጅ ከሞላ ጎደል ቀይ የደም ሕዋሳት ናቸው። በሁለቱ መካከል በስሱ የሚታየው ነጣ ያለ መስመር ደግሞ ነጭ የደም ሕዋሳትንና ፕላትሌት የተባሉትን አርጊ ሕዋሳት ይይዛል።

1. ፕላዝማ

ፕላዝማ ከመቶ 90 እጅ በላይ ውሃ ነው። በውስጡ ጨው፣ ስኳር፣ ስብና ልዩ ልዩ ፕሮቲኖች ሟሟተው ይገኛሉ። ከአንጀት የተገኘውን ምግብ ወደ ጉበትና ወደ መላ ሰውነት ያደርሳል፤ ቆሻሻውን ደግሞ በሽንት እንዲወጣ ወደ ኩላሊት ይወስዳል። ሙቀትንም ያጓጉዛል። በካርቱምና በምሥራቅ ሱዳን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ወራት ደም የሰውነትን ሙቀት ወደ ቆዳ አውጥቶ ያበርዳል። ያን ጊዜ የሚወጣው የላብ ውሃ የሚቀዳው ከፕላዝማ ነው። ተቅማጥና ትውከትም ይህንኑ ውሃ ያደርቃሉ። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ዓይኑ ጎድጉዶ ሰውነቱ የሚዝለው በዚህ ምክንያት ነው። ኦ.አር.ኤስ. የተባለው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ ሲሰጠው የጎደለው ውሃና ጨው ይተካል።

2. ቀይ የደም ሕዋሳት

እነዚህ መሐላቸው ሰርጎድ ያለ ክብ ዳቦ ይመስላሉ። በአንድ ሚሊ ሜትር ኩብ ደም ውስጥ፣ ይኸውም ከአንዲት ጠብታ በጣም ባነሰ መጠን ውስጥ፣ 5 ሚሊዮን ያህል ይገኛሉ። በውስጣቸው ሄሞግሎቢን የተባለ ፕሮቲን አለ። ይህ ፕሮቲን ብረት ስላለበት በሳንባ ውስጥ ኦክስጅንን ይይዝና ለጡንቻ፣ ለአንጎልና ለሌላው ክፍል ያድላል። ደምን ቀይ የሚያደርገውም እርሱ ነው።

አንድ ቀይ ሕዋስ የሚኖረው 120 ቀን ያህል ነው። ሲያረጅ በጣፊያና በጉበት ውስጥ ይፈርሳል፤ ብረቱ ግን አይጣልም፤ ለአዲስ ሕዋስ መሥሪያ ይውላል። በሞተው ፋንታ የአጥንት መቅኒ በየሰከንዱ 2 ሚሊዮን ያህል አዳዲስ ሕዋሳት ይሠራል። ትእዛዙን የሚሰጠው ኩላሊት ነው፤ ኦክስጅን ማነሱን ሲያውቅ «ጨምር» የሚል መልእክት በደም በኩል ወደ መቅኒ ይልካል።

በከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ የብዙ ሰዎች ቀይ ሕዋሳት ይበዛሉ። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ደም በዚህ ምክንያት ወፍራም ነው። በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ላይ ተደርጎ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። የሄሞግሎቢናቸው መጠን በወንዶች በአማካይ 15.9፣ በሴቶች 15.0 ግራም በዴሲ ሊትር ሆኖ ተገኘ፤ ይህም በቆላ ከሚኖር ጤነኛ ሰው እምብዛም አይለይም። ደማቸው ሳይወፍር በቂ ኦክስጅን ይይዛል። ደጋ የኖረ ሰው ሁሉ «ደሙ የበዛ ነው» ማለት እንደማይቻል ከዚህ እንረዳለን።

3. ነጭ የደም ሕዋሳት

በአንድ ሚሊ ሜትር ኩብ ውስጥ ከ4,000 እስከ 11,000 ይደርሳሉ። የሰውነት ዘብ ናቸው። አንዳንዶቹ የገባውን ጀርም ይውጡታል፤ አንዳንዶቹ ጀርሙን የሚያጠፋ መድኅን ይሠራሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ አንድ ጊዜ የገባውን ጠላት መልክ ለዓመታት ያስታውሳሉ። ክትባት የሚጠቅመው በእነዚህ አስታዋሾች ምክንያት ነው። ከቁስል የሚወጣው መግል አብዛኛው ሲዋጉ የሞቱ ነጭ ሕዋሳት ነው። ኤች.አይ.ቪ. ሰውነትን የሚያዳክመው ከእነዚሁ ዘቦች አንዱን ወገን እየገደለ ነው።

4. ፕላትሌት (አርጊ ሕዋሳት)

በጣም ጥቃቅን ናቸው፤ በአንድ ሚሊ ሜትር ኩብ ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 ይገኛሉ። ዕድሜያቸው 10 ቀን ያህል ነው። ቧንቧ ሲቆረጥ ከቦታው ተሰብስበው ቀዳዳውን ይደፍናሉ። በፕላዝማ ውስጥ ያለ አንድ ፕሮቲንም ወደ ክርነት ተለውጦ እንደ መረብ ይጠላለፍና ደሙ ይረጋል። ሥራቸውን ለማገዝ ደም የሚፈስበትን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ ቢያንስ 10 ደቂቃ መጫን ያስፈልጋል፤ «ቆመ ወይ?» እያሉ በየጊዜው መግለጥ የረጋውን ያፈርሰዋል። ቡና ወይም አመድ መነስነስም ቁስሉን ይበክለዋል።

«ደም ማነስ» ምን ማለት ነው?

አሁን ወደ ሁለቱ ሕመሞች እንመለስ። ደም ማነስ ማለት የደሙ ሊትር ጎደለ ማለት አይደለም። አንድ ሰው 5 ሊትር ደም እያለው ደም ሊያንሰው ይችላል። ያነሱት ቀይ ሕዋሳት ወይም በውስጣቸው ያለው ሄሞግሎቢን ነው። ዐረብኛው «ፈቅር አድ-ደም» ይለዋል፤ «የደም ድህነት» ማለት ነው። ይህ ስም ወደ እውነቱ ይቀርባል፤ ፈሳሹ አለ፣ ሀብቱ ግን የለም።

የሄሞግሎቢን መጠን በጎልማሳ ወንድ ከ13፣ እርጉዝ ባልሆነች ሴት ከ12፣ በነፍሰ ጡር ከ11 ግራም በዴሲ ሊትር ካነሰ በአብዛኛው ደም ማነስ ይባላል። ምልክቶቹ ድካም፣ ትንሽ ሲሠሩ ማለክለክ፣ የልብ ቶሎ ቶሎ መምታት፣ ራስ ማዞር፣ እንዲሁም የመዳፍና የታችኛው የዓይን ሽፋን ውስጥ መገርጣት ናቸው። አፈር መብላት የሚያምራቸው ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮችም ደማቸው ቢመረመር መልካም ነው።

ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፦

ሀ. የብረት ማነስ። በምግብ በቂ ብረት ካልተገኘ መቅኒ ሄሞግሎቢን መሥራት አይችልም። በወር አበባ፣ በእርግዝናና በማጥባት ምክንያት ሴቶች ይበልጥ ይጎዳሉ።

ለ. ወባ። የወባ ተውሳክ የሚራባው በቀይ ሕዋስ ውስጥ ነው፤ ሲወጣም ሕዋሱን ያፈነዳዋል። ትንንሽ ሕፃናት በጥቂት ቀናት ውስጥ ለአደጋ የሚያደርስ ደም ማነስ ሊያገኛቸው ይችላል።

ሐ. ካላዛር። በገዳሪፍ አካባቢ፣ በእኛም በኩል በሑመራና በመተማ የእርሻ ቦታዎች የታወቀ በሽታ ነው። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ይተላለፋል፤ በነጭ ሕዋሳት ውስጥ ተደብቆ ጣፊያን፣ ጉበትንና መቅኒን ይይዛል። ቀዩም፣ ነጩም፣ ፕላትሌቱም ይቀንሳል። በ2005 እ.ኤ.አ. በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከም ወረርሽኙ ሲነሣ መጀመሪያ ላይ መድኃኒት የተላመደ ወባ መስሎ ነበር። ስለዚህ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት ያለበት፣ የሚከሳና ሆዱ በግራ በኩል ያበጠ ሰው «ወባ ነው» ብሎ ብቻ መቀመጥ የለበትም፤ የካላዛር ምርመራ ይጠይቅ።

መ. የአንጀት ትል። ከአፈር በባዶ እግር በኩል የሚገባው መንጠቆ ትል በአንጀት ተጣብቆ ደም ይመጣል። ጫማ ማድረግና በሽንት ቤት መጠቀም ይከላከሉታል።

ሠ. ደም መፍሰስ። በተለይ ከወሊድ በኋላ የሚመጣው ብርቱ መፍሰስ እናትን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ከወሊድ በፊት ደም ያነሳት ሴት በዚያ ሰዓት የምትቋቋምበት ስንቅ የላትም።

ረ. በዘር የሚወረስ። ቀይ ሕዋሳት እንደ ማጭድ ጎብጠው ቶሎ የሚሰባበሩበት በሽታ አለ። በሱዳን ስለዚህ በሽታ የመጀመሪያውን ጽሑፍ በ1926 እ.ኤ.አ. ያወጣው በካርቱም የዌልካም ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ሐኪም አርቺባልድ ነው። በሽታው በተለይ በምዕራብ ሱዳን ይታወቃል።

እንግዲህ መድኃኒቱም እንደ ምክንያቱ ይለያያል። ለወባ ደም ማነስ የብረት ክኒን ብቻውን አይበቃም፤ ወባው መታከም አለበት። መጀመሪያ ምርመራ፣ ቀጥሎ መድኃኒት መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

ስለ ምግብ

ከርከዴም ሆነ የቀይ ሥር ጭማቂ ቀለሙ ቀይ ስለሆነ ደም አይሆንም። ደም የሚሠራው ከብረት፣ ከፕሮቲንና ከቫይታሚን ነው። ጉበትና ሥጋ ለሚያገኝ ሰው ከሁሉ የተሻሉ ናቸው። ለማያገኝም ምስር፣ ፉል፣ አተር፣ ሙሉኺያና ሌላው አረንጓዴ ቅጠል ይጠቅማል። ከእነዚህ ጋር ሎሚ ወይም ቲማቲም መብላት ብረቱ በደንብ እንዲገባ ይረዳል። የማሽላ ወይም የጤፍ ሊጥ በእርሾ መቡካቱም እንዲሁ ይረዳል። ሻይና ቡና ግን ብረቱን ያግዱታል። ስለዚህ ሻዩን ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው በላዩ ከመጠጣት አንድ ሰዓት ያህል ማቆየት ይሻላል፤ ለትንንሽ ሕፃናት ባይሰጥ መልካም ነው።

ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን ሰገራን ያጠቁራል፤ ይህ የሚያስፈራ አይደለም። ነገር ግን ሕፃን ብዙውን በአንድ ጊዜ ከዋጠው መርዝ ስለሚሆን ከልጆች እጅ ይራቅ።

«ደም ብዛት» ምን ማለት ነው?

ደም ብዛት ማለት ደም በዛ ማለት አይደለም። ትክክለኛው ስም የደም ግፊት ነው። በውሃ ጎማ ውስጥ የሚሄድ ውሃ ጎማው ሲጠብ በኃይል እንደሚገፋ ሁሉ፣ ቧንቧዎች ሲጠብቡና ሲደድሩ ደም ግድግዳቸውን አብዝቶ ይጫናል። ሱዳኖች «ደግጥ» የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ትርጉሙ ግፊት ነው። የጤነኛ ሰው ግፊት 120 በ80 አካባቢ ነው። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ይባላል። ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም፤ ሳይታወቅ ግን ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን ይጎዳል።

ስለዚህ በዋግምትም ሆነ በምላጭ ደም ማስወጣት ግፊትን አያድንም። የወጣው ፈሳሽ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይተካል፤ ቀይ ሕዋሳቱ ግን ቶሎ አይተኩም። ሕመምተኛው ግፊቱ እንዳለ ሆኖ ደም ማነስ ይጨመርበታል። ምላጩ ለብዙ ሰው ከዋለ ደግሞ ኤች.አይ.ቪ.ንና የጉበት በሽታን ያስተላልፋል። የሚረዳው ጨው መቀነስ፣ ትንባሆ መተውና የታዘዘውን መድኃኒት «ተሻለኝ» ብሎ ሳያቋርጡ መውሰድ ነው።

ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ነው፦ አንድ ሰው ደም ማነስና ደም ብዛት በአንድ ጊዜ ሊኖሩበት ይችላሉ። አንዱ የሕዋሳት ቁጥር ነው፤ ሌላው የቧንቧ ግፊት ነው። ግፊት ያለባት ነፍሰ ጡር የብረት ክኒኗን ብትውጥ ግፊቷ አይጨምርም፤ ብትተወው ግን ለወሊድ የምትደርሰው ደም አንሷት ነው። ነፍሰ ጡር ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የፊትና የእጅ እብጠት ካገኛት ሳትዘገይ ወደ ክሊኒክ ትሂድ።

የደም ቡድንና ደም መስጠት

ኦስትሪያዊው ሐኪም ካርል ላንድስታይነር በ1901 እ.ኤ.አ. የሰው ደም በቡድን እንደሚለያይ ገለጠ፤ ለዚህም በ1930 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ቡድኖቹ ኤ፣ ቢ፣ ኤቢ እና ኦ ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ አር.ኤች. ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ ይሆናል። የማይስማማ ደም ከተሰጠ ሰውነት ሕዋሳቱን ያፈርሳቸዋል፤ ሞትም ሊያስከትል ይችላል። የሥጋ ዝምድናና የደም ቡድን አንድ አይደሉም። የገዛ ወንድም ደም ላይስማማ፣ የማይታወቅ የሌላ አገር ሰው ደም ሊስማማ ይችላል። አር.ኤች. ኔጋቲቭ የሆነች እናት ለሚቀጥለው ፅንስ መጠበቂያ የሚሆን መርፌ ሊያስፈልጋት ስለሚችል ቡድኗን ማወቅ አለባት።

ደም በፋብሪካ አይሠራም። የሚገኘው ከሰው ብቻ ነው። ብዙም አይቀመጥም፤ ቀይ ሕዋሳት በማቀዝቀዣ ከ35 እስከ 42 ቀን፣ ፕላትሌት ከ5 እስከ 7 ቀን ብቻ ይቆያሉ። በኤፕሪል 2023 በካርቱም ጦርነት ሲነሣ የዓለም ጤና ድርጅት ካስጠነቀቃቸው ነገሮች አንዱ በማዕከላዊው የጤና ላቦራቶሪ መብራት በመቋረጡ የተቀመጠው ደም እንዳይበላሽ ነበር። በአገራችንም የደም ባንክ በ1969 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከተቋቋመ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት አብዛኛው ደም የሚገኘው የሕመምተኛው ዘመድ ሲተካ ነበር። ዘመዱ በሩቅ አገር ለቀረበት ስደተኛ ይህ ከባድ ነው። እናት ደም ሲፈሳት ዘመድ የሚሆናት ጎረቤቷ ነው።

ብዙዎች ደም መስጠት ያደክማል ብለው ይፈራሉ። በአንድ ጊዜ የሚወሰደው 450 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ይኸውም ግማሽ ሊትር የማይሞላ ነው። ፕላዝማው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይተካል፤ ቀይ ሕዋሳቱን መቅኒ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሠራቸዋል። ስለዚህ ነው ወንድ ቢያንስ 3 ወር፣ ሴት 4 ወር ሳይሞላቸው እንደገና እንዳይሰጡ የሚመከረው። መርፌው አዲስ ስለሆነና ለአንድ ሰው ብቻ ስለሚውል ሰጪውን በሽታ አይዘውም። የሚሰጠው ደም ለኤች.አይ.ቪ.፣ ለጉበት በሽታና ለቂጥኝ ይመረመራል። ደም ያነሰው ሰው፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ እንዲሁም በሕመም ላይ ያለ ሰው አይሰጡም።

በሐኪም ቤት የሚጠቅሙ የዐረብኛ ቃላት

ፈሕስ ደም — የደም ምርመራ
ፈቅር አድ-ደም — ደም ማነስ
ደግጥ — የደም ግፊት
ፈሲለት አድ-ደም — የደም ቡድን
ተበሩዕ ቢድ-ደም — ደም መለገስ

ውድ አንባብያን፣ በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ክሊኒክ ስትሄዱ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ሄሞግሎቢኔ ስንት ነው? ግፊቴ ስንት በስንት ነው? የደም ቡድኔስ የትኛው ነው? መልሱን በካርዳችሁ ላይ አጽፉ፤ ካርዱንም ከስደተኛ መታወቂያችሁ ጋር አኑሩት። በቤታችሁ ነፍሰ ጡር ካለች ደግሞ ቢያስፈልጋት ደም የሚሰጣት ሰው ማን እንደሆነ ምጧ ሳይመጣ ተነጋገሩ።